ሐኪሟ ትጠራኛለች ብዬ

ነገሩ በጠቅላላው ያስወጣኝ አንድ የጭነት መኪና፣ የአንድ ዓመት የበርበሬ ንግድ፣ ሚስቴ ለሠርጓ ያሰረችው የአንገት ወርቅ፣ እና በቡሬ ገበያ «እሱ እንኳ አይሞኝም» የሚባለው ስሜ ነው። መኪናውና ወርቁ ተሽጠው ነው የሄዱት። ስሜን ግን ማንም አልገዛኝም፤ በገዛ እጄ ነው የጣልኩት። እንዴት እንደ ጣልኩት ነው የምጽፈው።

ቤቴ ፍኖተ ሰላም ነው፤ መጋዘኔ ቡሬ። የቡሬን በርበሬ የማያውቅ ሰው ካለ ገና ወጥ አልበላም ማለት ነውና ስለ እሱ አላስረዳም። እኔ የተማርኩት ሚዛን ሥር ቆሜ ነው። ሚስቴም እንደኔው። ከተጋባን ጀምሮ አብረን እንሠራለን፤ እሷ ከውስጥ ሆና ዛላውን ታስመርጣለች፣ እኔ ደጅ ሆኜ ዋጋ እከራከራለሁ። ከሁለታችን ገበያው የሚፈራው እሷን ነው።

በርበሬ ገዢ መጋዘን ሲገባ ሚዛን አያይም፤ ሰው ነው የሚያይ። አንድ ዛላ ያነሣል፣ ጆሮው ሥር ያንኮሻኩሸዋል፣ ይሰብረዋል፣ ፍሬውን ያራግፋል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ሳል ነው። አጠገቡ ያለው ሰው ቶሎ ከሳለ በርበሬው ኃይለኛ ነው። ከዘገየ ከሌላ አገር በርበሬ ጋር ተደባልቋል። ማንም ካልሳለ ደግሞ ዋጋው እዚያው ይወድቃል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ሲጣስ ግን አላየሁም።

እንግዲህ ሚስቴ መሳል ስትጀምር እኛ ቤት የገባው ደስታ ነበር። ገዢው ገና ከመኪናው ሲወርድ ከመጋዘኑ ውስጥ ሳሏ ይቀበለዋል። «ወይ በርበሬ! ስማው እንጂ ሰውን እንዴት እንደሚያደርግ!» ይላል ደላላው። እሷም ነጋዴ ናትና ገዢው ሲያቅማማ ካየች አንድ ሁለት ሳል ትጨምርበታለች። ማታ ደግሞ «ዛሬ የተሸጠው በኔ ሳል ነው፤ የድለላዬን አምጣ» ትለኛለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እኛ አልደበቅነውም። ለማስታወቂያ አዋልነው።

ክረምት ገባ። የመጨረሻው ጆንያ ተጭኖ ሄደ፣ መጋዘኑ ተጠርጎ ታጠበ። አንድ ከሰዓት በኋላ ፍኖተ ሰላም ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ዝናቡን እናያለን።

«አንተ» አለችኝ፤ «በርበሬው እኮ አለቀ።»

«አለቀ። ምነው?»

«እኔ ታዲያ በምኑ ነው የምስለው?»

«ብርድ ይሆናል» አልኳት። መሐረቧን ዘርግታ አሳየችኝ። መሐረቡ ላይ ያለው ቀይ የበርበሬ ቢሆን ምን ነበረበት።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ላኩን። በየደረስንበት ደረቷን በሌላ መሣሪያ አነሡት፤ በመጨረሻ በመርፌ ቁራጭ ወስደው መረመሩና የሳንባ ካንሰር ነው አሉን። ያለበት ቦታ ለቀዶ ሕክምና አይመችም። ከደረቷ አልፎ ወደ ሌላ አካሏ ግን አልሄደም። ይህንን የነገረችን ሐኪም ቀጠን ያለች፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ዕድሜዋ ከበኩር ልጄ አይበልጥም፤ ነገር ግን አንቺ ለማለት አፌ አልደፈረም።

«በርበሬው ነው ያመጣባት?» አልኳት።

«የበርበሬ ብናኝ ያስላል። ይህንንም እሱ ነው ያመጣው ለማለት ግን አልችልም፤ አላውቅም» አለች። በንግድ ዓለም አላውቅም የሚል ሰው አይገኝም። ዘመኔን ሙሉ ያልሰማሁትን ቃል ስሰማ ሴትዮዋን አመንኳት። ኋላ የሠራሁትን ስታነቡ ግን ያመንኳት አይመስላችሁም።

ሕክምናው ኬሞና ጨረር በአንድ ላይ ነበር። «ለየብቻ ከሚሰጡ አብረው ሲሰጡ ይበረታሉ፤ በሽታው ላይም፣ በሰውየውም ላይ» ብላ አስቀድማ ነግራናለች። እንዳለችውም ሆነ። ሚስቴ አዲስ አበባ እኅቷ ቤት አርፋ ወደ ጨረሩ ክፍል ተመላለሰች። ጠጉሯ ረገፈ። ጉሮሮዋ በጨረሩ ተቆጥቶ ውኃ እንኳ ያቃጥላት ጀመር። የቡሬ በርበሬ ነጋዴዋ ምግብ ቀዝቃዛ አጥሚትና አልጫ ወጥ ሆነ። «ይህን ቡሬ ሄደህ ብታወራ እፈታሃለሁ» አለችኝ። ለማንም አላወራሁም። ይኸው መጻፍ ግን ጻፍኩት።

ጨረሩ አለቀ፤ ኬሞውም አለቀ። እንደገና ደረቷን አነሡትና እብጠቱ ቀንሷል ተባልን። እኔ በልቤ ወደ ቡሬ መኪናዬን እየነዳሁ ነበር፤ የመኸሩ በርበሬ ሊደርስ ነው። ሐኪሟ ግን ተነሡ አላለችንም።

«አሁን አንድ የምንጨምርላቸው መድኃኒት አለ።»

«ምራቂ?» አልኳት።

ሳቀች። እናቷ ገበያ የምትወጣ ሴት ሳትሆን አልቀረችም፤ ገባት። «እንደ ምራቂ ይቁጠሩት ጋሼ። መስፈሪያው ከሞላ በኋላ ከላይ የሚደረግ ነው። ብቻውን ቢሆን እምብዛም አይረዳቸውም፤ በሞላው ላይ ሲደረግ ነው የሚጠቅም።»

ካንሰሩ ብልጥ ሌባ ነው አለችን። በሰውነት ውስጥ ዘበኞች አሉ፤ ሌባው የዘበኛ ልብስ ለብሶ በመካከላቸው ያልፋል። ኬሞውና ጨረሩ አብዛኛውን መትተውታል፤ የተረፈና ያደፈጠ ካለ ግን ይህ መድኃኒት ልብሱን ያስወልቀዋል፣ ዘበኞቹም ያዩታል። በክንድ በኩል በጠብታ የሚሰጥ ነው፤ በየወሩ፣ ዓመቱን ሙሉ።

«ይድናሉ ብዬ አልምልልዎትም» አለች። «ያለ እሱ በሕይወት ከሚቆዩ ሰዎች በእሱ የሚቆዩት ይበልጣሉ፤ በሽታው ሳይመለስባቸው የሚቆዩበት ጊዜም ይረዝማል። መጀመር ያለበት ግን ከጨረሩ ሳይርቅ ነው። ብዙ ከዘገየ ዕድሉ ያልፋል።»

ከዚያ ዋጋውን ነገረችኝ። የኬሞውንና የጨረሩን አንድ ላይ አድርጌ ብቆልል የሚደርስበት አልነበረም።

«ፈጣሪዬ! ከእህሉ የሚበልጥ ምራቂ በየት አገር ነው ያለው?» አልኳት።

«እዚህ» አለች።

እዚህ ላይ የገበያችንን ሥርዓት ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ ክርክር ሲጠና ገዢው ይነሣል። «እንግዲህ እግዜር ያውቃል» ይላል፤ ባርኔጣውን ያነሣና ይሄዳል። አካሄዱ ቀስ ያለ ነው፤ እግሩ እየሄደ ጆሮው ወደ ኋላ ነው። ሻጩ ትንሽ ይታገሣል፤ ከዚያ «ና እንጂ! ሰው እንዲህ ይሄዳል?» ብሎ ይጠራዋል። የሚጠራበት ዋጋ ነው እውነተኛው ዋጋ። ሳይጠራ ከቀረ ግን ገዢው አንድ ዙር ዞሮ ይመለሳል፤ ያኔ አፍሮ ነው የሚገዛ። ባልና ሚስት አብረው ሲገበዩ ደግሞ አንድ ሕግ አለ፦ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይነሣል። የሰውን አነሣስ በሻጭ ፊት ማበላሸት የለም። ሚስቴና እኔ በዚህ ስንተዳደር ኖረናል።

አስቀድሜ ተከራከርኩ። ዓመቱ በግማሽ ቢሆንስ? በየወሩ መሆኑ ቀርቶ ወር እየዘለልን ብንወስድስ? የተረፈ፣ ሌላ ታማሚ የተወው አይኖርም? ሐኪሟ ሁሉንም በትዕግሥት ሰምታ ለሁሉም አንድ መልስ ሰጠች፦ እንዲያ ሆኖ ተሞክሮ መሥራቱን አላውቅም።

እኔም ተነሣሁ። ባርኔጣዬን አነሣሁ። «እንግዲህ እግዜር ያውቃል» አልኳት።

ሚስቴም ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ሕጋችን ነው።

የሆስፒታሉን ኮሪደር እንደዚያ ቀስ ብዬ ሄጄው አላውቅም። ጆሮዬ ከኋላዬ ነው። በር ሲከፈት ሰማሁና እርምጃዬን ገታሁ፤ ሌላ ታማሚ ልትጠራ ነው የወጣችው። ደረጃውን ወረድን። በሩ ጋ ደረስን። ጥበቃው በትሕትና መዝጊያውን ከፈተልን፤ እንዲያ ተከፍቶልኝ የጠላሁት በር የለም።

«ትደውላለች» አልኩ በልቤ። ስልክ ቁጥሬ እጇ ላይ አለ።

በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፈርን። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ኔትወርክ የለም ብዬ ተጽናናሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ ስልኬን አየሁ። ጅጋ ላይ አየሁ። ፍኖተ ሰላም ቤታችን ስንገባ ቻርጀሩን ሰክቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንድ ጊዜ ጮኸና ዘልዬ ያዝኩት፤ የማንኩሳ ደላላ ነው፣ በርበሬ ወረደ ሊለኝ።

ሚስቴ ሦስት ቀን ታገሠችኝ። በአራተኛው ስልኩ አጠገብ ቁርሴን ስበላ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። ጠጉር በሌለው ራሷ ላይ ሻሽ አስራለች።

«ማን እንዲደውልልህ ነው?»

«ሐኪሟ።»

«ምን ልትል?»

«ቀንሻለሁ፣ ና ልትል ነዋ!»

መጀመሪያ ሳቀች። ስትስቅ ሳለች፣ ሳሉ እስኪያልፍላት ወንበር ይዛ ቆመች። ከዚያ ሳቁ ጠፋ።

«እኔ እኮ የሆነ ነገር ያሰብክ መስሎኝ ነው አብሬህ የተነሣሁት። ስማኝ አንተ ሰውዬ። ሻጭ የሚጠራህ ዕቃው እንዳይቀርበት ፈርቶ ነው። እሷ ምን ይቀርባታል? ወረፋው እስከ ደጅ ነው። ዕቃው እዚህ እኔ ነኝ። ጥለኸኝ የተነሣኸው እኔን ነው።»

ዳቦውን አስቀመጥኩት። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስገዛና ስሸጥ፣ በምን እንደምከራከር ሳላውቅ የተከራከርኩበት ቀን ያ ብቻ ነው።

እዚያው ደወልኩ። ሐኪሟ አነሣችው።

«ጋሼ! ደኅና ገባችሁ?» አለችኝ። «'እግዜር ያውቃል' ብለው ሲነሡ ጸሎት ሊያደርሱ መሰለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ሲከብደው ጸበል ይሄዳል፣ ንስሐ አባቱን ያማክራል። እንዳልጫንዎት ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

እኔ ዋጋ ላስቀንስ ተነሣሁ፣ እሷ ለጸሎቴ ክብር ሰጠች። ጸሎት አልነበረም ማለት አቃተኝ። «አዎን፣ አደረስኩ» አልኳት።

«መልሱ ምን ሆነ?»

«ይወሰድ ነው።»

«እንግዲያው ቶሎ ኑ። ጊዜው ገና አላለፈም።»

ገና አላለፈም ያለችው ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን ያን ጊዜ ሚዛን አጥቼለት ነበር።

መኪናዬን ለመግዛት የቀረበ ሰው ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ በበርበሬ የምንፎካከር ሰው። ከኔ ጋር ሰላምታ እንኳ ሲለዋወጥ እንዳይከስር አስቦ ነው። ሄድኩበት። መኪናዋን ዞረ፣ ጎማውን በእግሩ ነካ፣ ሞተሯን አስነሣ።

«ስንት ትላለህ?»

ለክርክር እንዲመች ከፍ አድርጌ ጠራሁ።

«ይሁን» አለኝ።

«ምን ይሁን?»

«ያልከው።»

«ተከራከር እንጂ ሰውዬ!»

«እትዬ እንዴት ናት?» አለኝ መልሶ፤ ዓይኑን ከጎማው ላይ አላነሣም።

ተቆጣሁ። እኔ ሰውየውን ስንት ዓመት ሳማው ኖሬ በአንድ ጠዋት ሐሜቴን ሁሉ አበላሸብኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ስለ እሱ ክፉ ለማውራት ስነሣ ያቺ «ይሁን» ታንቀኛለች። ወርቁን ግን ሚስቴ ራሷ ናት የሸጠችው፤ በስንት እንደሸጠችው ስሰማ ሁለታችንም ውስጥ ያለው ነጋዴ አንድ እንዳልሆነ ገባኝ። ወርቅ ነጋዴው ሦስት ጊዜ ጠርቷታል።

ዓመቱ በመንገድ አለቀ። በየወሩ አውቶቡስ፤ መንገድ ሲዘጋ ጠብቀን፣ ሲከፈት ተሽቀዳድመን። በርበሬው ደርሶ ሌላው ጫነው፤ እኔ ሆስፒታል ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠብታ ስቆጥር የቡሬ ዋጋ ወጣ፣ ወረደ። መድኃኒቱ እንደ ኬሞው አልጣላትም፤ ሰውነቷን አሳከካት እንጂ። «ዘበኞቹ እኔንም እየፈተሹኝ ነው» ትላለች እያከከች።

በመካከል አንድ ጊዜ ሳሉ ተመለሰ። ትንፋሽም አጠራት፤ ከአልጋ እስከ በር ስትሄድ ታርፋለች። በሽታው ተመለሰ ብዬ እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ ለቅሶ ጀምሬ ነበር። ሐኪሟ በመሣሪያ አነሣቻትና በሽታው አይደለም አለች፤ የነቁት ዘበኞች አልፈው ጤነኛውን ሳንባ ማጥቃት ጀምረው ነው፤ ይህ መድኃኒት አልፎ አልፎ እንዲህ ያደርጋል። መድኃኒቱን አቆመች፣ የሚያበርድ ክኒን ሰጠቻት፣ ሳንባዋ ሲረጋ መልሳ ጀመረችላት። ያን ጊዜ ግማሽ ይበቃል ይሆን ብዬ አልጠየቅኩም። ባርኔጣዬንም ቤት ትቼ ነው የምሄደው።

ዓመቱ ሲሞላ ሐኪሟ ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ከፈተችልን። በአንደኛው የሚስቴ ደረት ውስጥ ሎሚ የሚያህል ነጭ ነገር አለ። በሁለተኛው እዚያው ቦታ የተጨማደደ ጠባሳ አለ፤ ሌላ የለም።

«ድናለች?» አልኩ።

«ያንን ቃል እኔ ቶሎ አልናገርም ጋሼ። በየጊዜው እየመጡ እናያለን። ዛሬ ግን የሚያድግ ነገር የለም።»

«ቀንሰው ነው የነገሩኝ ወይስ ጨምረው?»

«ልኩን ነው።»

ሚስቴ ተነሣች፣ በሩን ከፍታ ወጣች፣ እዚያ ቀስ ብዬ በሄድኩበት ኮሪደር መካከል ቆማ እልልታዋን ለቀቀችው። እልልታው ረዘመ። ጨረሰች ስንል ቀጠለች። እሷ ትንፋሽ ሳትቀይር እኔ ሁለቴ ቀየርኩ። ጥበቃው እየሮጠ መጣ።

«እናቴ፣ ሆስፒታል እኮ ነው!»

«ለዚሁ አይደል እንዴ የመጣሁት!» አለችው።

ወረፋ ላይ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ተቀበለቻት፤ ከዚያ ሌላዋ። ጥበቃው ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። ሐኪሟ በሩን ይዛ ቆማ ስትሥቅ አየኋት፤ ዓይኗንም ስትጠርግ አየኋት፤ ያላየሁ መሰልኩ።

ታኅሣሥ ላይ ቡሬ መጋዘናችንን ከፈትን። የተበደርነው መኪና የተበደርነውን በርበሬ አራገፈ። ሐኪሟ ከብናኝ ራቂ ብላታለችና ሚስቴ ከመጋዘኑ ውጭ፣ በሩ ጋ፣ ንጹሕ አየር ላይ ወንበር አስቀምጣ ከዚያ ሆና ታዛለች። ጠጉሯ በቅሏል፤ ድሮ ከነበረው ይልቅ ይጠቀለላል፣ እሷም ትኮራበታለች።

አንድ ከድሮ ጀምሮ የምናውቀው የአዲስ አበባ ገዢ መጣ። ዛላ አነሣ፣ አንኮሻኮሸ፣ ሰበረ፣ አራገፈ። ደላላው ሳለ። ተሸካሚዎቹ ሳሉ። እኔ ሳልኩ። ገዢው ራሱ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ጆሮውን ወደ በሩ አቀና፤ የሚጠብቀው ነገር አለ።

«የእትዬ ሳል የታለ?» አለኝ።

«የለም።»

«እንዴት የለም? ድሮ እኮ ከመኪና ሳልወርድ ነበር የሚሰማኝ!» ዛላውን ጣለው። «ጋሼ፣ አትቀየመኝ፤ ይህ በርበሬ ደክሟል። እትዬን ያላሳለ በርበሬ ማንን ያስላል?» ብሎ ዋጋውን ወደ ታች ጠራ።

በደኅናው ጊዜ ቢሆን በዚያ ዋጋ ጆንያውን እንኳ አልሸጥለትም። ያን ዕለት ግን በሕይወቴ የሰማሁት ቅናሽ ሁሉ ተሰብስቦ እንደዚያ አላስደሰተኝም። «ይሁን» ለማለት አፌን ከፈትኩ። ከፎካካሪዬ የተማርኳት ቃል ናት።

ሚስቴ ከወንበሯ ተነሣች። ነጠላዋን አጣፋች።

«እንግዲህ እግዜር ያውቃል» አለችና ሄደች።

ከመጋዘናችን እስከ አስፋልቱ ዳገት ነው። በታመመች ሰሞን ያንን ዳገት መቆም እያበዛች፣ ግድግዳ እየያዘች ነበር የምትወጣው። አሁን ወጣችው። ግድግዳውን አለፈችው። የምታርፍበትን ድንጋይ አለፈችው።

«ጥራት እንጂ ጋሼ!» አለ ገዢው።

«ቆይ» አልኩት፤ «ትንሽ ትሂድ።»

«ኧረ ሄደች!»

«ትሂድ አልኩህ።» ሕጋችን ነው፤ የሰው አነሣስ አይበላሽም። ደግሞም እንደዚያ ያለ አካሄድ ለማየት አንድ መኪና ከፍያለሁ።

አስፋልቱ ጫፍ ልትደርስ ስትል ገዢው ራሱ ሮጠ። ዳገቱ መካከል ላይ ትንፋሽ አጥሮት ቆመና እየሳለ ጠራት። ዞረች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እስኪደርስ ጠበቀችው።

ሂሳቡ እነሆ። መኪናው የለም። ወርቁ የለም። በርበሬው በእሷ ዋጋ ተሸጧል። ሚስቴ አትስልም።